ትቆይ ወይስ ትሂድ? በሳንባ ደም ወሳጅ ቧንቧ መዘጋት የሕመምተኛን ዕጣ የመገመት ታሪክ፣ ከሐረር ሲታይ

(በሕዝባዊ ገለጻ መድረክ በቃል የቀረበ፤ ለንባብ እንዲመች በጥቂቱ የተስተካከለ)



የዛሬው ርእሴ የሕክምና ይመስላል፤ እኔ ግን የማቀርበው እንደ ታሪክ ነው። ድንገተኛ የሳንባ ደም ወሳጅ ቧንቧ መዘጋት፣ በሕክምና ቋንቋ ፐልሞናሪ ኢምቦሊዝም የሚባለው፣ አብዛኛውን ጊዜ በእግር ወይም በዳሌ ደም መላሽ ቧንቧ ውስጥ የረጋ ደም ተነቅሎ፣ በቀኝ ልብ በኩል አልፎ፣ የሳንባን ደም ወሳጅ ቧንቧ ሲዘጋ የሚደርስ አደጋ ነው። ከሕመምተኞቹ አንዳንዱ ሕመሙን ሳያውቀው ይድናል፤ አንዳንዱ በደቂቃዎች ውስጥ ይሞታል። በእነዚህ በሁለቱ መካከል ያለውን ሕመምተኛ ዕጣ ሐኪም እንዴት ሲገምት ኖረ? ግምቱስ ከየት ተገኘ? እዚህ ሐረር ስንደርስ ምን ያህል ይጸናል? የዛሬው ጥያቄዬ ይህ ነው።

በአማርኛ «ትንበያ» የምንለው ቃል ከ«ትንቢት» ጋር አንድ ሥር አለው። የሕመምተኛ ቤተሰብ ሐኪሙን ከብቦ «እንዴት ናት?» ሲል፣ ከሐኪሙ የሚጠብቀው አንዳንዴ ትንቢት ነው። ሐኪሙ ግን ሊናገር የሚችለው ስለ ብዙ ሰዎች የተሰበሰበ መረጃን እንጂ ስለዚያች ስለ አንዷ የተገለጠለትን ነገር አይደለም። ይህን ልዩነት መዘንጋት የሚያስከትለውን ጉዳት ወደ ኋላ ላይ ከራሴ ሕይወት እጠቅሳለሁ። አስቀድሜ ግን ወደ 1883 ዓ.ም. ልመልሳችሁ።

፩. ከሐረር የተነሣ ቃሬዛ

አርተር ሬምቦ የሚባለውን ፈረንሳዊ ሐረር የሚያውቀው በስሙ በተሰየመው ሙዚየም ነው፤ ምንም እንኳ ያ ውብ የእንጨት ሕንፃ እርሱ የኖረበት ቤት ባይሆንም። ሬምቦ ወደ ሐረር መጀመሪያ የመጣው እ.ኤ.አ. በ1880 መጨረሻ፣ የባርዴ ንግድ ቤት ሠራተኛ ሆኖ ነው። ግጥም መጻፉን ትቶ ቡና፣ ቆዳና የዝሆን ጥርስ የሚነግድ ሰው ሆኖ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1891 መጀመሪያ ቀኝ ጉልበቱን ያመው ጀመር። በየካቲት ወር ለእናቱ በጻፈው ደብዳቤ ሕመሙን ያበጠ የእግር ሥር አድርጎ ቆጥሮት፣ ለዚያ የሚሆን የሚያጠብቅ ረጅም ካልሲ እንድትልክለት ለመናት።

እዚህ ላይ ቆም እንበል። ሬምቦ የሰጠው ምርመራም ነው፣ ትንበያም ነው። «የሥር እብጠት ነው» ሲል «ካልሲ ይበቃዋል፣ ሐረር ልቆይ እችላለሁ» ማለቱ ነበር። ትንበያ ምንጊዜም ከውሳኔ ጋር ይያያዛል። ጉልበቱ እያበጠ፣ እግሩ እየደረቀ ሲሄድም አልጋው ላይ ሆኖ ንግዱን ይመራ ነበር። ግምቱ የተሳሳተ መሆኑን የተቀበለው መራመድ ሲያቅተው ነው።

ያን ጊዜ በሐረር ወደ ሆስፒታል ሂድ የሚባልበት ሆስፒታል አልነበረም። ከዐድዋ ጦርነት በኋላ የመጣው የሩሲያ ቀይ መስቀል የሕክምና ቡድን እንኳ ገና አምስት ዓመት ይቀረው ነበር። ስለዚህ ሬምቦ ራሱ በነደፈው፣ በሸራ በተሸፈነ ቃሬዛ ላይ ተኝቶ፣ 16 ተሸካሚዎች ቀጥሮ፣ እ.ኤ.አ. ሚያዝያ 7 ቀን 1891 ከሐረር ወጣ። ወደ ዘይላ ወደብ ያለው 300 ኪሎ ሜትር ያህል በረሃ 12 ቀን ፈጀ። በሁለተኛው ቀን ከጓዙ ተለይቶ ሳለ ዝናብ ያዘው፤ መጠለያ ሳይኖረው፣ ለመንቀሳቀስም ሳይችል፣ 16 ሰዓት በዝናብ ውስጥ ተኝቶ እንደቆየና ይህም በጣም እንደጎዳው ኋላ ጽፏል። ከዘይላ በመርከብ ወደ ዐደን፣ ከዐደን ወደ ማርሴይ ሄደ። ግንቦት 27 ቀን ቀኝ እግሩ ከጉልበቱ በላይ ተቆረጠ። ኅዳር 10 ቀን በ37 ዓመቱ ሞተ። ሕመሙ የአጥንት ካንሰር እንደነበር ዛሬ በሰፊው ይታመናል።

ሬምቦ በሳንባ ደም ወሳጅ መዘጋት ሞተ ለማለት አይደለም፤ እንዲያ የሚል ማስረጃ የለም። ታሪኩን ያነሣሁት በሁለት ምክንያት ነው። አንደኛ፣ ዛሬ አንድ ተማሪ የደም መርጋትን ሥጋት የሚመዝንበትን ዝርዝር አውጥቶ ቢያነብ፦ ካንሰር፣ ያበጠ እግር፣ ለቀናት አልጋ ላይ መዋል፣ ትልቅ ቀዶ ሕክምና ይላል። ይህ ሁሉ በአንድ ሰው ላይ፣ በአንድ የጸደይ ወራት ተሰብስቦ ነበር። ሁለተኛ፣ የሐረር ሐኪም ዛሬም የሚጋፈጠው ጥያቄ በመሠረቱ ያው ነው፦ ሕመምተኛው እዚህ ይቆይ፣ ወይስ በሩቅ መንገድ ይላክ? መንገዱ ራሱስ አይገድለውም?

፪. ዕውቀቱ የት ነበር?

የሳንባን የደም ዝውውር ካልተረዱ የሳንባን ደም ወሳጅ መዘጋት መረዳት አይቻልም። ይህን ዝውውር በጽሑፍ ከገለጡት ቀዳሚው በ13ኛው ክፍለ ዘመን በደማስቆና በካይሮ የኖረው ሐኪም ኢብን አል-ነፊስ ነው። ደም ከቀኝ ልብ ወደ ግራ ልብ የሚያልፈው በልብ ግድግዳ ቀዳዳ ሳይሆን በሳንባ በኩል መሆኑን፣ ጋሌንን በመቃወም ጻፈ። ዘመኑ የሐረር ትውፊት ሼኽ አባድር ወደዚህ ከተማ መጡ ከሚልበት ክፍለ ዘመን ጋር አንድ ነው። ጽሑፉ ግን ለረጅም ጊዜ ተረስቶ ቆየ፤ ወደ ዘመናዊ ሕክምና ታሪክ የመለሰው እ.ኤ.አ. በ1924 በጀርመን ፍራይቡርግ ይማር የነበረ ግብፃዊ ሐኪም፣ ሙህዪ አል-ዲን አል-ታታዊ ነው። ከዚህ የምንማረው ዕውቀት መገኘቱ ብቻ እንደማይበቃ ነው፤ ለሚያስፈልገው ሰው መድረስ አለበት።

በአውሮፓ ደግሞ ስለ እግር እብጠት ቀድመው የጻፉት ስለ አራሶች ነው። እ.ኤ.አ. በ1784 የማንችስተሩ ሐኪም ቻርልስ ኋይት በወለዱ ሴቶች ላይ የሚታየውን፣ ነጭ ሆኖ የሚያብጥ የሚያም እግር በዝርዝር ገለጸ። የእግሩን እብጠትና የሳንባውን መዘጋት በአንድ ሐሳብ ያስተሳሰረው ግን ሩዶልፍ ፊርኾ ነው። ከ1846 ጀምሮ በአስከሬን ምርመራና በእንስሳት ሙከራ፣ በሳንባ ውስጥ የሚገኘው የረጋ ደም እዚያው የተፈጠረ ሳይሆን ከሩቅ የመጣ መሆኑን አሳየ፤ «ኢምቦሊያ» የሚለውንም ስም ሰጠው። ጽሑፎቹ ተሰብስበው የታተሙት በ1856 ነው። ከዚያ አንድ ዓመት ቀደም ብሎ፣ በ1855 ጥር፣ እንግሊዛዊው ሪቻርድ በርተን ሐረር ገብቶ ዐሥር ቀን ያህል ተቀምጦ ነበር።

ስለ ትንበያ ከተነሣ የፓሪሱ አርማን ትሩሶ ሊታለፍ አይችልም። ትሩሶ በ1865 በታተመው ትምህርቱ፣ ምክንያቱ ያልታወቀ የደም ሥር መርጋት የተደበቀ ካንሰር ምልክት ሊሆን እንደሚችል አስተማረ። ከሁለት ዓመት በኋላ የራሱ ክንድ አብጦ ሥሩ ሲረጋ፣ ሕመሙ ምን እንደሆነና መጨረሻው ምን እንደሚሆን ለተማሪው ነገረው። በዚያው ዓመት፣ በ1867፣ በጨጓራ ካንሰር ሞተ። ከ24 ዓመት በኋላ የትሩሶ አገር ሰው በሐረር ያበጠ እግሩን እያየ ካልሲ አዘዘ። ዕውቀቱ ተጽፎ ነበር፤ ጻፊው ሲሞት ተማሪዎቹ ያውቁት ነበር፤ ከሐረር አልጋ አጠገብ ግን አልነበረም።

፫. ከደቂቃዎች ወደ መድኃኒት

ሕክምና በሌለበት ጊዜ ትንበያ የሚያገለግለው ለመሰናበት ነው። በሳንባ ደም ወሳጅ መዘጋት ላይ ትንበያ ለሥራ የሚያገለግል ነገር የሆነው እ.ኤ.አ. በ1908 ነው ብል ብዙ አልሳሳትም። በዚያ ዓመት የላይፕዚጉ ቀዳጅ ሐኪም ፍሪድሪኽ ትሬንደለንቡርግ አንድ ቀላል ጥያቄ አነሣ፦ እነዚህ ሕመምተኞች ከወደቁ በኋላ ምን ያህል ጊዜ ይኖራሉ? ሁሉም ወዲያው የሚሞቱ ከሆነ የሚሠራ ነገር የለም። እርሱ ግን ብዙዎቹ ደቂቃዎች እንደሚያገኙ አስተዋለ፤ በእነዚያ ደቂቃዎች ደረትን ከፍቶ የረጋውን ደም ለማውጣት ሞከረ። ሕመምተኞቹ አልተረፉለትም። ተማሪው ማርቲን ኪርሽነር በ1924 በኮኒግስበርግ ከተማ አንዲት ሴት በዚህ ቀዶ ሕክምና አዳነ።

የደም መርጋትን የሚከለክለው ሄፓሪን በ1916 በባልቲሞር፣ በዊልያም ሀውል ቤተ ሙከራ፣ ጄይ ማክሊን በሚባል የሕክምና ተማሪ ምርምር መነሻነት ተገኘ፤ ለሰው መሰጠት የጀመረው ግን በ1930ዎቹ ነው። መድኃኒቱ በእርግጥ ያድናል? ጥያቄው የተመለሰው በ1960 ነው። በብሪስቶል ከተማ ባሪትና ጆርዳን የተባሉ ሁለት ሐኪሞች ሕመምተኞችን በዕጣ ለሁለት ከፈሉ። ሕክምና ካላገኙት 19 ሰዎች 5ቱ በዚሁ በሽታ ሞቱ፤ ሌሎች 5 ደግሞ በሽታው ተመልሶባቸው ተረፉ። ሕክምና ካገኙት 16 ሰዎች በበሽታው የሞተ አልነበረም። ጥናቱ በዚያው ተቋርጦ ሕክምናው ለሁሉም እንዲሰጥ ተደረገ።

ስለዚህ ጥናት ተማሪዎቼ እንዲይዙልኝ የምፈልገው አንድ ነገር አለ። ሲቲ ስካን አልነበረም፤ ዲ-ዳይመር አልነበረም። ምርመራው የተሠራው በሐኪም ዓይንና ጆሮ፣ በደረት ራጅና በልብ ኤሌክትሪክ ንባብ ነው። የዚህ ሕክምና ሁሉ መሠረት የተጣለው ዛሬ በብዙ የአገራችን ሆስፒታሎች በሚገኝ መሣሪያ ነው። «ሲቲ ስለሌለን ምንም ማድረግ አንችልም» ለሚል ሰው የ1960ው ጥናት በቂ መልስ ይመስለኛል።

፬. ከሰው ወደ ነጥብ

ሕክምና ከተገኘ በኋላ ጥያቄው ተለወጠ። ሄፓሪን ለሁሉም ይሰጣል፤ ከዚያ በላይ፣ የረጋውን ደም የሚያሟሟ ኃይለኛ መድኃኒት የሚያስፈልገው ማን ነው? መድኃኒቱ ደምን ስለሚያፈስስ ለሁሉም ሊሰጥ አይችልም። ስለዚህ ሕመምተኞችን በአደጋቸው መጠን መደልደል ግድ ሆነ።

በ1999 የታተመው አይኮፐር የተባለ መዝገብ በሰባት አገሮች፣ በ52 ሆስፒታሎች የታከሙ 2,454 ሕመምተኞችን ተከትሎ፣ በሦስት ወር ውስጥ 17.4 ከመቶ የሚሆኑት እንደሞቱ አሳየ። ሞትን አስቀድመው ከሚጠቁሙት ምልክቶች መካከል ዕድሜ፣ ካንሰር፣ የደም ግፊት መውደቅና በልብ አልትራሳውንድ የሚታየው የቀኝ ልብ ድካም ይገኙበታል። የቀኝ ልብ ግድግዳ ስስ ነው፤ ዝቅተኛ ግፊት ላለው የሳንባ ዝውውር የተፈጠረ ነው። መንገዱ በድንገት ሲዘጋበት ይለጠጣል፤ ሲለጠጥ የሚገፋው ደም ያንሳል፤ ወደ ግራ ልብ የሚደርሰው ደም ሲያንስ የመላ ሰውነት ግፊት ይወድቃል፤ ግፊት ሲወድቅ ለቀኝ ልብ ራሱ የሚደርሰው ደም ይቀንሳል። ሕመምተኛውን የሚገድለው ይህ አዙሪት ነው። እንግዲህ ትንበያ ማለት በአብዛኛው ይህ ልብ ምን ያህል ይችላል ብሎ መጠየቅ ነው።

በ2005 ድራሆሚር አውየስኪና ባልደረቦቹ በፔንሲልቬንያ ግዛት ከ186 ሆስፒታሎች የወጡ 15,531 ሕመምተኞችን መዝገብ መርምረው ፔሲ የተባለውን የነጥብ ስሌት አወጡ። በሐኪም እጅ ባሉ 11 ነገሮች ይሠራል። ለእያንዳንዱ የዕድሜ ዓመት 1 ነጥብ፤ ለወንድነት 10፤ ለካንሰር 30፤ ለልብ ድካምና ለቆየ የሳንባ በሽታ 10 10፤ የልብ ምት 110ና ከዚያ በላይ ከሆነ 20፤ የላይኛው የደም ግፊት ከ100 በታች ከሆነ 30፤ የአተነፋፈስ ፍጥነት በደቂቃ 30ና ከዚያ በላይ ከሆነ 20፤ የሰውነት ሙቀት ከ36 በታች ከሆነ 20፤ አእምሮ ከተዛባ 60፤ በደም ውስጥ ያለው የኦክሲጅን ሙሌት ከ90 ከመቶ በታች ከሆነ 20። ድምሩ እስከ 65 ከሆነ አንደኛ ደረጃ፣ ከ66 እስከ 85 ሁለተኛ ደረጃ ነው፤ ሁለቱም «ዝቅተኛ አደጋ» ይባላሉ። ከዚያ በላይ እስከ አምስተኛ ደረጃ ይሄዳል።

በ2010 ዴቪድ ሂሜኔዝና ባልደረቦቹ ስሌቱን አቀለሉት። ስድስት ነገሮች ብቻ ቀሩ፦ ዕድሜ ከ80 በላይ፣ ካንሰር፣ የቆየ የልብ ወይም የሳንባ በሽታ፣ የልብ ምት 110ና ከዚያ በላይ፣ ግፊት ከ100 በታች፣ ሙሌት ከ90 በታች። እያንዳንዱ አንድ ነጥብ ነው። ዜሮ ያገኘ ሰው በ30 ቀን ውስጥ የመሞት ዕድሉ 1 ከመቶ ገደማ፤ አንድና ከዚያ በላይ ያገኘ ደግሞ 11 ከመቶ ገደማ ሆኖ ተገኘ።

መካከለኛ አደጋ ያለበትን ሕመምተኛ አስቀድሞ በኃይለኛ መድኃኒት ማከም ይጠቅም እንደሆነ በ2014 ፔይቶ የተባለው ጥናት መረመረ። መድኃኒቱ ሞትንና የደም ዝውውር መውደቅን በአንድነት ከ5.6 ወደ 2.6 ከመቶ ዝቅ አደረገ፤ በአንጎል የሚደርስ ስትሮክን ግን ከ0.2 ወደ 2.4 ከመቶ ከፍ አደረገ። የተገኘው ትምህርት ግልጽ ነው፦ መካከለኛ ሕመምተኛን በቅርብ ጠብቀው፤ ሲወድቅ አሟሚውን ስጠው። መጠበቅ ግን የሚጠብቅ ሰው ይፈልጋል።

፭. አንዲት አራስ

አሁን የገባሁላችሁን ቃል ልፈጽም። ከብዙ ዓመታት በፊት፣ ስሙን በማልጠራው የምሥራቅ ደጋ ሆስፒታል ወጣት ሐኪም ሆኜ ስሠራ፣ በወለደች በዘጠነኛ ቀኗ አንዲት የ26 ዓመት ሴት በትንፋሽ ማጠር መጣች። ግራ እግሯ አብጦ ነበር። የልብ ምቷ 118፣ የላይኛው ግፊቷ 104፣ የኦክሲጅን ሙሌቷ 88 ነበር። በሽታውን አውቄዋለሁ፤ ሄፓሪንም አስጀመርኩ። ከዚያ ያነበብኩትን ስሌት አወጣሁ። ዕድሜ 26፣ ለልብ ምት 20፣ ለሙሌት 20፤ ድምሩ 66። ሁለተኛ ደረጃ፤ ዝቅተኛ አደጋ። የ88ቱንም ጉዳይ «ከፍታ ነው» ብዬ በልቤ አቃለልኩት። አባቷ ኮሪደሩ ላይ ቆመው ነበር። «አባባ፣ አይዞዎት፤ ዝቅተኛ ነው» አልኳቸው። «አልሐምዱሊላህ» አሉ። ከነርሶቹ ዓይን ራቅ ባለ ክፍል ተኛች። ሊነጋጋ ሲል ወደቀች፤ አልተመለሰችም።

ስሌቱ አልዋሸኝም። ሁለተኛ ደረጃ ማለት በ30 ቀን ውስጥ ከ1.7 እስከ 3.5 ከመቶ የሚሞቱበት ነው እንጂ የማይሞቱበት አይደለም። ቀለል ያለውን ስሌት ብጠቀም ኖሮ 2 ነጥብ አግኝታ «ዝቅተኛ ያልሆነ አደጋ» ተብላ ትመደብ ነበር። አንዲቱ ሴት፣ በአንድ ሰዓት፣ በአንድ ምልክት፣ በሁለት ስሌት ሁለት ሰው ትሆናለች። ከዚያ ወዲህ ይህን ልዩነት እንደ ሐኪም ብቻ ሳይሆን እንደ ታሪክ ተማሪም ስመረምረው ኖሬያለሁ።

ልዩነቱ የመጣው ስሌቱ ከተወለደበት ቦታ ነው። የፔንሲልቬንያ ሕመምተኞች በአብዛኛው በዕድሜ የገፉ ነበሩ፤ በእነርሱ መካከል ዕድሜ ብዙ ይናገራል። በወጣት ላይ ግን ነጥቡ ገና ከመነሻው ወደ ታች ይጎትተዋል። የ26 ዓመት ሴት ምቷ ከ110 በላይ ሆኖ፣ ግፊቷ ወደ 98 ወርዶ እንኳ ድምሯ 76 ብቻ ነው፤ አሁንም «ዝቅተኛ»። ደግሞም ወጣት ልብ በፍጥነት በመምታት ግፊቱን እስከ መጨረሻው ድረስ ይዞ ይቆያል፤ የሚለቅቀው በድንገት ነው። የአገራችን ሕመምተኞች ደግሞ ብዙዎቹ ወጣቶች ናቸው፤ አራሶች፣ የሳንባ ነቀርሳና የልብ በር ሕመም ያለባቸው ይገኙባቸዋል። ከእነዚህ መካከል አራስነትና ሳንባ ነቀርሳ በስሌቱ ውስጥ ነጥብ የላቸውም።

ሁለተኛው ጉዳይ ከፍታ ነው። ሐረር ከባሕር ጠለል በላይ 1,885 ሜትር ላይ ትገኛለች፤ የአየሩ ግፊት ከባሕር ዳርቻ በአንድ አምስተኛ ያህል ያንሳል። ጤናማ ሰው እዚህ ሙሌቱ በጥቂቱ ዝቅ ቢል አይደንቅም። በዚህ የተነሣ ያው አንድ መጠን ያለው የረጋ ደም እዚህ ሙሌትን ከባሕር ዳርቻ ይልቅ ሊጎትት ይችላል፤ ማለትም የ90 ድንበር አደጋን አጋንኖ ሊያሳይ ይችላል። የዕድሜው ነጥብ አደጋን ያሳንሳል፤ የከፍታው ነገር አደጋን ያጋንናል። «እንግዲያው ይቻቻላሉ» የሚል ካለ ተሳስቷል፤ ሁለቱ ስሕተቶች በአንድ ሕመምተኛ ላይ በእኩል መጠን እንዲገናኙ የሚያስገድድ ሕግ የለም። የእኔ ስሕተት ደግሞ ከዚህም የከፋ ነበር፦ ጤናማ ወጣት በዚህ ከፍታ 88 አይሆንም። ከፍታን ለማስጠንቀቂያ ሳይሆን ለማመካኛ ተጠቀምኩበት።

የአውሮፓ የልብ ሐኪሞች ማኅበር በ2019 ባወጣው መመሪያ፣ ስሌቱ ዝቅተኛ ቢልም እንኳ የቀኝ ልብን ሁኔታ መመልከት እንደሚገባ አክሏል። ስሌቱ በሠሩት ሰዎች አገር እንኳ ብቻውን እንደማይበቃ ታውቋል ማለት ነው።

፮. መንገዱ ራሱ

ሬምቦ ከሐረር ሲወጣ ወደ ባሕር ወረደ። ዛሬ ለከፍተኛ ሕክምና የሚላከው ሰው ወደ አዲስ አበባ ይወጣል። ርቀቱ ከ500 ኪሎ ሜትር በላይ ነው፤ መንገዱ የጨርጨርን ደጋ አልፎ ወደ አዋሽ ቆላ ይወርድና፣ ከዚያ ከሐረር ከ400 ሜትር በላይ ከፍ ወዳለችው መዲና ይወጣል። ቀኝ ልቡ በጭንቅ ላይ ላለ ሕመምተኛ ይህ ተራ ጉዞ አይደለም። ኦክሲጅኑ ለጉዞው ሁሉ ይበቃል? አብሮ የሚሄደው ማን ነው? መንገድ ላይ ቢወድቅ አሟሚው መድኃኒት አምቡላንሱ ውስጥ አለ? ወደ ድሬዳዋ ወርዶ በአውሮፕላን መሄድም የራሱ ሒሳብ አለው፤ በበረራ ላይ በአውሮፕላኑ ውስጥ ያለው የአየር ግፊት ከድሬዳዋ ያነሰ ነውና።

ከነጥብ ስሌቶቹ መካከል ርቀትን የሚጠይቅ የለም። የተሠሩት ሕመምተኛው ሆስፒታል ደርሶ፣ ተኝቶ፣ ከዚያ ምን ይሆናል ለሚለው ጥያቄ ነው። የሐረር ሐኪም ጥያቄ ግን «እዚህ ቢቆይ ምን ይሆናል፣ ቢላክስ ምን ይሆናል?» የሚል ነው። ሌላ ጥያቄ ስለሆነ ሌላ መልስ ይፈልጋል። መልሱን ከዚህ አካባቢ በቀር ሌላ ማንም ሊሰጠን አይችልም፤ የሚገኘውም ከራሳችን መዝገብ ነው።

፯. ምን እናድርግ?

በዚህ ገለጻ ስሌቶቹ ይጣሉ አላልኩም። ከመገመት ይልቅ መቁጠር ይሻላል፤ ሬምቦ ካልሲ ያዘዘው በመገመት ነው። የምለው ስሌት እንደ ታሪክ ሰነድ ይነበብ ነው። አንድን ሰነድ ስናነብ ማን ጻፈው፣ መቼ፣ የት፣ ለማን ብለን እንጠይቃለን። ስሌትንም እንዲሁ እንጠይቀው፦ ከእነማን ሞት ተቀመረ? የእኔ ሕመምተኛ ከእነርሱ ጋር ትመሳሰላለች?

ለአልጋ አጠገብ የሚሆኑ ሦስት ነገሮች ልጨምር። አንደኛ፣ ወጣት ሕመምተኛ ላይ ዕድሜን ነጥብ የሚያደርገውን ስሌት ብቻውን አትመኑ፤ ቀለል ያለውን አብራችሁ አስሉ፤ ሁለቱ ሲለያዩ ከፍ ያለውን ያዙ። ሁለተኛ፣ መሣሪያ የማይፈልግ አንድ አሮጌ ሒሳብ አለ፤ አልገወርና ቡሪ የተባሉ ሐኪሞች በ1967 ያስተዋወቁት ሾክ ኢንዴክስ ነው። የልብ ምትን ለላይኛው ግፊት ማካፈል ነው፤ አንድና ከዚያ በላይ ሲሆን ልቡ እየተጨነቀ ነው። የዚያች አራስ 118 ለ104 ሲካፈል 1.13 ነበር። ወረቀትና እርሳስ በእጄ ነበር፤ ያላሰላሁት ስላልተማርኩት ነው። ሦስተኛ፣ ኢኮ ባለበት ቀኝ ልብን እዩ፤ በሌለበት ሕመምተኛውን ነርሷ ከምትቀመጥበት አጠገብ አስተኙ። አልጋ ማዛወር ዋጋ የለውም።

ለቤተሰብ የምንናገረውም ቃል ይታሰብበት። በዚህ ከተማ አንድ ሐኪም በአንድ ቀን በሐረሪ፣ በኦሮምኛ፣ በአማርኛና በሶማሊኛ ሊጠየቅ ይችላል። በየትኛውም ቋንቋ ቢሆን «ዝቅተኛ አደጋ» የሚለው ሐረግ አባት ጆሮ ሲደርስ «ትድናለች» ሆኖ ይሰማል። እንግዲህ «አሁን ያለችበት ሁኔታ ደህና ይመስላል፤ ነገር ግን ይህ በሽታ በድንገት ይለወጣልና ሌሊቱን እንጠብቃታለን» ማለት ይረዝማል፤ እውነትነቱ ግን የበለጠ ነው። «አላህ ያውቃል»፣ «እግዚአብሔር ያውቃል» የሚለው የቤተሰቡ መልስም ከሳይንስ ጋር አይጣላም፤ የግምትን ወሰን ከእኛ ቀድሞ ያወቀ ንግግር ነው።

በመጨረሻም ለተማሪዎች አንድ አደራ አለኝ። ባሪትና ጆርዳን 35 ሰዎችን ቆጥረው የዓለምን ሕክምና ለወጡ። ከዚህ ከተማ ሆስፒታሎች የሚወጣ እያንዳንዱ የሳንባ ደም ወሳጅ መዘጋት ሕመምተኛ ዕድሜው፣ ምቱ፣ ግፊቱ፣ ሙሌቱ፣ አራስ መሆን አለመሆኗ፣ የተላከበት ቦታና በሠላሳኛው ቀን ያለበት ሁኔታ በአንድ መዝገብ ቢጻፍ፣ ከጥቂት ዓመታት በኋላ የፔንሲልቬንያን ሳይሆን የሐረርን ቁጥር ይዘን እንነጋገራለን። በዚያ መዝገብ ላይ ያች የ26 ዓመት አራስ የለችም። ከእርሷ በኋላ የሚመጡት ግን ሊኖሩበት ይገባል።